ያርመዋል፣ ሌላውንም ያስተምራል

የወንጀል ዜና መጨረሻው ሳይነበብ ይታወቃል። «ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን ያርማል፣ ሌላውንም ያስተምራል ያለውን የሦስት ዓመት ጽኑ እስራት ወስኖበታል።» የዓመቱ ቁጥር ይለዋወጣል። አንዳንዴ «ያስተምራል» በሚለው ቦታ «ያስጠነቅቃል» ይገባል። የቀረው እንደ ደብዳቤ መዝጊያ፣ እንደ «ከሰላምታ ጋር» ነው። ጸሐፊው ሳያስብ ይጽፈዋል፣ አንባቢውም ሳያይ ያልፈዋል።

እኔም ስንት ዓመት ሳላየው አልፌዋለሁ። ሥራዬ ደግሞ ማየት ነው። የሚታተም ጽሑፍ አራሚ ነኝ፤ የተገደፈ ፊደል፣ የተደገመ ቃል፣ ቦታውን የሳተ አራት ነጥብ ስለቅም ነው የምውለው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ያስተዋልኩት ግን ወረቀት ላይ አይደለም። ከዳኛ አፍ ስሰማው ነው፤ አጠገቤ አክስቴ ተቀምጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ ሴት ናት። ዕቁብ ትጥላለች። ዕጣዋ የወጣ ዕለት ብሩን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ሁለተኛ ምጣድ ልትገዛበት ነበር። በላስቲክ ጠቀለለችና ጤፍ ከረጢት ውስጥ ቀበረችው። በማግስቱ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ጓጉንቸሩ ተገንጥሏል፣ ጤፉ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። ጎረቤት ልጁን ሲወጣ አይቶታል። የሰፈራችን ልጅ ነው። ያንን ከረጢት ከወፍጮ ቤት ተሸክሞ ያመጣላት እሱ ራሱ ነበር፤ ስንት ቀን ከምጣድ የወረደ ትኩስ እንጀራ በበርበሬ ጠቅልላ ሰጥታዋለች።

በሁለተኛው ቀን ማታ ታክሲ ተራው አካባቢ ተገኘ። ፖሊስ እስኪደርስ ሰፈሩ የራሱን ፍርድ ፈርዶበት ነበር። ከበው ከቆሙት መካከል እኔም ነበርኩ። እጄን አላነሳሁም፤ «ተዉት» ብዬም አልጮህኩም። ብሩ ግን ኪሱ ውስጥ አልነበረም። የትም አልተገኘም።

ችሎቱ ረጅም አልነበረም፤ ልጁ አልካደም። ማቅለያ እንዳለው ሲጠየቅ «እናቴን የምረዳው እኔ ነኝ» አለ። ዳኛው እርከን ጠቀሱ። (የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. ካወጣው መመሪያ ወዲህ ቅጣት እንደ ሒሳብ ይሠራል፤ ይከብዳል ከተባለ እርከን ይወጣል፣ ይቀላል ከተባለ ይወርዳል።) ሒሳቡ አለቀና ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ያቺ የማውቃት ሐረግ መጣች፤ ያርመዋል፣ ሌላውንም ያስተምራል።

ግቢው ላይ ስንደርስ አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች «ጨረሱ?» አለችኝ።

«ጨረሱ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት።»

«እሱስ ይሁን፣ ተፈረደበት። ለኔ ምን ተፈረደልኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ግን ጥያቄዋን እንደ ጽሑፍ አረምኩት፤ ግድፈት ፈለግሁበት፣ አጣሁ። አማርኛ ፍርድን ሁለት ፊት አድርጎ ነው የሠራው። ይፈረድለታል፣ ይፈረድበታል። በአንዱ ላይ ከተፈረደበት ለሌላው ተፈርዶለታል ማለት ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ሰው «ፍረደኝ» ብሎ ዳኛ ፊት ሲቆም የፈለገው ይህንን «ለት» ነበር። የወንጀል ዜናችን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። «ተፈረደበት» በየዜናው አለ። «ተፈረደላት» የሚል የወንጀል ዜና እስካሁን አርሜ አላውቅም።

* * *

ልጅ ሆኜ ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ «ፖሊስና ርምጃው» ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አስታውሳለሁ። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው አይጠፋም። አንባቢው ድርጊቱን በደንብ ያነብባል፤ በሩ እንዴት እንደተሰበረ፣ ቢላው ከየት እንደመጣ። ቅጣቱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይወርዳል፣ ገጹንም ያጥፋል። ያኔ አንዱ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ሆኖ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ እንዳለ፣ «ስንት ተፈረደበት?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ ይነገራል። «ሲያንሰው ነው» የሚል ሁልጊዜ አለ። «ውይ፣ በዛ» የሚልም አለ። ከዚያ ወደ ኳሱ።

ይህ ዘርፍ እንደ ሥነ ጽሑፍ ተነብቦ አያውቅም፤ መነበብ ግን ይገባዋል እላለሁ። ብዙዎቻችን ስለ ጥፋትና ቅጣት ያለንን ሐሳብ የቀረጽነው ከልብ ወለድ ሳይሆን ከዚህ ነው። ቅርጹ ጥብቅ ነው። «በግምት ከሌሊቱ 8፡00 ሰዓት ሲሆን» ብሎ ይጀምራል፤ የሰዓቱን ደቂቃ ሳይቀር ጽፎ «በግምት» የሚል ሌላ የአጻጻፍ ዓይነት አላውቅም። «ልዩ ቦታው» ይላል፤ ቦታው ግን ልዩ ሆኖ አያውቅም፤ ከመስጊዱ ጀርባ ወይም ከድልድዩ ሥር ነው። ከክሱ የተቀዳች ሐረግም አለችው። ተከሳሹ የሰረቀው «የማይገባውን ብልጽግና ለማግኘት በማሰብ» ነው። ሕጉ ይህን ያለበት ምክንያት አለው፤ ሐሳብ ከሌለ ስርቆት የለም። ዜናው ውስጥ ሲገባ ግን ያ ምክንያት ይቀርና ሰውየው ቅርጫት ቲማቲምም ሰረቀ የመሥሪያ ቤት ካዝናም ሰበረ እኩል ይበለጽጋል። ለምን እንደሰረቀ የሚነግረን ዓረፍተ ነገር የሚገባበት ቦታ በዚያች ሐረግ ተይዟል።

አክስቴ በዚያ ዜና ውስጥ ብትገባ ስሟ «የግል ተበዳይ» ነበር። ደግ ቃል ነው፤ መበደሏን ያምንላታል። «የግል» የምትለዋ ቅጽል ግን ሥራዋን ትሠራለች። ሌላ ተበዳይ፣ የግል ያልሆነ ትልቅ ተበዳይ እንዳለ ትነግረናለች። እሱ መንግሥት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የሚቆመው ለእሱ ነው፣ መዝገቡም የሚከፈተው በእሱ ስም ነው። አክስቴ በራሷ ጉዳይ ላይ ምስክር ሆና ነው የገባችው። ቃሏን ሰጠች፣ ፈረመች፣ «መሄድ ትችያለሽ» ተባለች።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሕጉ እሷን ፈጽሞ አልረሳትም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተበዳይ ካሣና የተወሰደበትን ንብረት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ደግሞ ጥያቄውን እዚያው ወንጀሉን ለሚያየው ፍርድ ቤት ማቅረብ ይፈቅዳል። በሩ ነበረ ማለት ነው። ማንም አላሳያትም። እኔም፣ ተማረ የተባልኩት የእህቷ ልጅ፣ ያወቅሁት ፍርዱ ከተነበበ ከወራት በኋላ ነው፤ ሌላ ሰው የጻፈውን የሕግ መጽሐፍ ሳርም።

የዜናው የመጨረሻ አንቀጽ ስለ መከላከል ነው። እሱም ሐረግ አለው፤ «ኅብረተሰቡ ንብረቱን በጥንቃቄ እንዲይዝ ፖሊስ መልእክቱን አስተላልፏል።» ይህን ለአክስቴ አነበብኩላት። «እና ጥፋተኛዋ እኔ ነኛ! ብሩን ባንክ ማስገባት ነበረብኝ» አለች። ልክ ናት፤ ጨዋ ቢመስልም የዚህ ዓረፍተ ነገር ስሌት እሱ ነው። ቅጣቱን ለአንዱ ይሰጥና መከላከሉን ለተሰረቀው ያሸክማል። ልጁ ለምን ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠ፣ የወፍጮ ቤት ሸክም በቀን ምን ያህል እንደሚያስገኝ፣ ያን ሰሞን ማን ዕዳ ጠይቆት እንደነበር ለሚያወሳ መስመር የተተወ ቦታ የለም። ይህን የምለው ለልጁ ጥብቅና ልቆም አይደለም፤ የአክስቴን በር የገነጠለው እሱ ነው። መከላከል ስለሚባል ነገር ካወራን ግን ነገሩ ከጓጉንቸር ሊጀምር አይችልም።

* * *

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ማረም።

ገበሬ ማሳውን ያርማል። እኔ ወረቀት አርማለሁ። ፍርድ ቤት ሰው ያርማል። ግሡ አንድ ነው፤ ሁላችንም የወሰድነው ከገበሬው መሆኑ ያስታውቃል። የገበሬውን ሥራ ልብ ብላችሁ እዩት። በማረም ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ማሳውና አረሙ። «ማሳው ታረመ» ይባላል። አረሙ ግን አይታረምም፤ ይነቀላል፣ ዳር ላይ ይጣላል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል።

«ተከሳሹን ያርማል» ስንል እንግዲህ ሰውየውን ማሳ እያልነው ነው። ከውስጡ ክፉው ይነቀላል፣ እሱ ይቀራል፣ ያፈራል። ሰዋስዉ ያማረ ነው። ሥራው ግን እንደ ሰዋስዉ አይደለም። የምናደርገው ሰውየውን ራሱን ነቅለን ዳር ማውጣት ነው፤ ያኔ ማሳው እኛ ነን፣ እሱ አረሙ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊል አይችልም። ጸሐፊ እንዲህ ያለ ነገር ሲያመጣልኝ ዳሩ ላይ ጥያቄ ምልክት አድርጌ እመልስለታለሁ።

የሕጎቻችንን ርዕስ ብቻ ብታነቡ ይህ ማመንታት ይታያል። ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን አርቅቀውት በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ስሙ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር። ርዕሱ ላይ ሰው አለ፤ የሚቀጣ ሰው። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራው ደግሞ «የወንጀል ሕግ» ተባለ። ሰውየው ከርዕሱ ወጣ፣ መቅጫውም ወጣ። ለውጡ ትንሽ አይደለም፤ ሕዝቡ ግን እስካሁን «ወንጀለኛ መቅጫ» ነው የሚለው። አንቀጽ 1 ላይ ሕጉ ዓላማውን ሲዘረዝር መጀመሪያ ያስቀመጠው ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከልን ነው፤ ማስጠንቀቂያው ካልሠራ ነው ቅጣት የሚመጣው፤ ቅጣቱም ጥፋተኛው ዳግም እንዳያጠፋና ለሌላው ትምህርት እንዲሆን፣ ወይም እንዲታረም ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ በማስተማርና በማረም መካከል «ወይም» የሚል ቃል አስገብቷል። የችሎቱና የዜናው ቋንቋ ያንን «ወይም» አንስቶ በነጠላ ሰረዝ ተካው። ያርመዋል፣ ሌላውንም ያስተምራል። አንድ ሰው በአንድ ቅጣት ታርሞም፣ ሰፈሩን አስተምሮም ይውጣ። ይህቺ ነጠላ ሰረዝ ብዙ ተሸክማለች።

የቦታዎቹ ስምም እንደዚሁ ነው። «ወኅኒ» የሚለው ቃል በጎንደር ነገሥታት ዘመን የዙፋን ወራሾች ይጠበቁበት ከነበረው ከወኅኒ አምባ እንደመጣ ይነገራል። እንዲያ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ የወኅኒ ሰዎች ምንም ያላጠፉ ናቸው፤ ጥፋታቸው ከንጉሥ መወለዳቸው ነበር። «ከርቸሌ» ከጣሊያንኛ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለውን ትልቁን እስር ቤት ደግሞ ሰዉ «ዓለም በቃኝ» አለው። ስሙ የመናኝ ቃል ነው፤ ወዶ ዓለምን የተወ ሰው የሚናገረው። ተገዶ ለሚገባ ሰው የመናኙን ቃል ማዋስ ቀልድም ነው፣ ሐዘንም ነው፤ አማርኛ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ይችልበታል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት 60 ሰዎች ያለ ፍርድ የተረሸኑት እዚያ ግቢ ነው። ዛሬ ሕንፃው የለም። በቦታው ጥር 2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ቆሟል።

«ማረሚያ ቤት» ከሁሉም በኋላ የመጣ የመንግሥት ስም ነው። ስለ ምኞቱ አከብረዋለሁ። ሰው ግን አይናገርበትም። የአክስቴ ሰፈር «ታሰረ» አለ እንጂ «ማረሚያ ገባ» አላለም። ሲወጣም «ታረመ» ያለ የለም፤ «ተፈታ» ነው የተባለው። የሰፈር አማርኛ ስለ ገመዱ ብቻ ነው የሚያወራው። ከሁለቱ የትኛው ነው ውሸት የማይናገረው ብባል ገመዱን እመርጣለሁ።

* * *

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ የድሮው ይሻል ነበር?» ማለቱ አይቀርም። የድሮውን ስም ጠርቶ መቃተት በእኛ ዘንድ የተወደደ ነገር ስለሆነ በጥንቃቄ ልሂድ።

አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አገር የሚሰበሰብበት ሥርዓት ነበር። ከብት ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ሲገኝ የአካባቢው አባወራ ሁሉ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ይማማላል፣ ያየ ይናገራል፣ ጥርጣሬ ይወጣል፣ ይመለሳል። ቃሉ ራሱ የሚለው ይህንን ነው፤ እርስ በርስ ማወጣጣት። ሥራ ይፈታል፤ የእርሻ ወቅት ከሆነ ደግሞ ወዮ ለገበሬ። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሩ ተጋግዞ ለተበዳዩ ይከፍላል።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ነች አክስቴን ያስታወሰችኝ። አውጫጭኝ የሚነሳው «ማን ነው?» ከሚለው ቢሆንም፣ ሲያቅተው እጁን አጣጥፎ አይሄድም። ጥያቄውን ይለውጥና «ምን ጠፋ?» ይላል። ወንጀል በመካከላችን የሆነ ነገር ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱንም በመካከላችን እንሞላለን ይላል። የዛሬው የወንጀል ዜና ጥፋተኛውን ካገኘ በኋላ እንኳ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

ወዲያው ግን ሌባሻይ ትዝ ይለኛል። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣና ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል። ባለ መድኃኒቱ ገመዱን ይዞ ይከተላል፣ ሕዝቡም ይከተላል። ልጁ ሄዶ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። ይህም «ምን ጠፋ?» የሚል ሥርዓት ነበር። ተበዳዩ ይካሣል። ከፋዩ ግን በሩ መንገድ ላይ ስለሆነ ብቻ ሌባ የሆነ ሰው ነው፤ ገመዱን የያዘውም ማን ቤት እንደሚያዋጣ ያውቃል። ሥርዓቱ በኋላ ተከለከለ፤ ደግ አደረጉ። የተበደለን ለማስደሰት ሲባል የተገኘውን ሰው መያዝ ታክሲ ተራው ላይም አይቼዋለሁ። ያን ማታ ከበን የቆምነው ሰዎች ያለ ገመድ ሌባሻዮች ነበርን፤ ልጁ ራሱ ሌባው መሆኑ የእኛ ጥበብ አልነበረም።

ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው «ዘ አፈርሳታ» የሚባል አጭር ልብ ወለድ አለ፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሃይንማን በአፍሪካ ደራሲያን ተከታታዩ ያሳተመው ነው። ቀደም ብሎ በቻሃ ቋንቋ የጻፈ ሰው ነው፤ ጉራጌን ከውስጥ ያውቀዋል። ናማጋ የሚባል ሰው ጎጆው ይቃጠላል፣ አገር ይሰበሰባል። የወንጀል ታሪክ ማንበብ የለመደ ሰው መርማሪውን ይጠብቃል፤ መጽሐፉ መርማሪ ጀግና የለውም። ደራሲው ዓይኑን የጣለው ጉባኤው ላይ ነው፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ። ለታሪክ ፍላጎት እንደ ጉድለት ሊታይ ይችላል፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው አሰልችቶኛል። ሁለተኛ ሳነበው፣ ከአክስቴ ጉዳይ በኋላ፣ አሰልቺነቱ ራሱ ነገሩ መሰለኝ። ፍትሕ ሰውን የሚያስቀምጥ፣ ጊዜ የሚበላ፣ ቂጥ የሚያሳምም ሥራ ነው። የአክስቴ ችሎት አንድ ቀጠሮ በዛ ቢባል ሃያ ደቂቃ ነበር።

* * *

ዶስቶየቭስኪን ሳላነሳ ብቀር ይታዘቡኛል። «ወንጀልና ቅጣት» በ1866 (እ.ኤ.አ.) የወጣ መጽሐፍ ነው፤ ወንጀለኛን ከውስጡ ለማየት የፈለገ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል። ግድያው በመጀመሪያው ክፍል ያልቃል፤ ፍርዱ፣ በሳይቤሪያ ስምንት ዓመት የግዞት ሥራ፣ መዝጊያው ላይ በጥቂት ገጾች ይነገራል። በመካከል ያለው ትልቁ መጽሐፍ የራስኮልኒኮቭ ትኩሳት ነው። ማረም የሚባለውን ነገር ከዚህ በላይ አክብሮ የጻፈ አላውቅም፤ ሰው ከውስጡ ካልሆነ አይታረምም ይላል፣ እስር ቤቱም ቢሆን ቦታ ብቻ ነው።

ግን ሊዛቬታን ተመልከቷት። አሮጊቷን ገድሎ ሳይወጣ በሩን ከፍታ የገባችው እህት ናት፤ ያለ ምንም ምክንያት፣ ስላየችው ብቻ ተገደለች። ሶንያ ለራስኮልኒኮቭ የምታነብለት ወንጌል ሊዛቬታ ያመጣችላት ነው። የነፍሱ መዳን የሚጀምረው በገደላት ሴት መጽሐፍ ነው። ድንቅ ነገር ነው፤ ደግሞም ያስቆጣል። ሟቿ መጽሐፏን ሰጥታ ዝም ትላለች፤ መጽሐፉ ስድስት ክፍል ሙሉ ስለ እሱ ያወራል። ታላቁ ደራሲና የሰፈራችን የወንጀል ዜና በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ያጠፋው ላይ ነው።

አንዲት ዝርዝር ግን ከአእምሮዬ አትወጣም። ራስኮልኒኮቭ የዘረፈውን ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ሥር ደብቆት ነበር። ሲቆፈር 317 ሩብልና ጥቂት ሳንቲም ተገኘ፤ ከላይ የነበሩት ብሮች በስብሰዋል። ዳኞቹን የደነቃቸው ቦርሳውን አንድም ቀን አለመክፈቱ ነው። ምን ያህል እንደሰረቀ አያውቅም ነበር። ለዚህ ሲል የገደለበትን ገንዘብ አልቆጠረውም። ያን ብር ማን ተረከበው ብሎ የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይም የለም።

* * *

የልጁ እናት በየእሑዱ ስንቅ ይዛ ትሄድ ነበር። እንጀራውን የምትገዛው ከአክስቴ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ቅዳሜ ማታ እንጀራ የሚገኘው እሷ ጋ ነዋ። አክስቴ አልከለከለቻትም፤ ሳንቲምም አልቀነሰችላትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ማታ በዚያ በር ላይ ሁለት ሴቶች ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ተነጋገሩ።

የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ ልጁ በአመክሮ ተፈታ። (አመክሮ ማለት መፈተን ነው፤ «መከራ» ከሚለው ቃል ጋር ሥራቸው አንድ ነው። ማን ለዚህ አገልግሎት እንደመረጠው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።) ሥራ ፈለገ። ዋስ አምጣ ተባለ። ዋስ የሚሆነው ሰው አልነበረም። ሦስት ሳምንት ያህል ከቤት አልወጣም።

አንድ ከሰዓት አክስቴ ጠራችኝና ተያይዘን እነሱ ቤት ሄድን። እናቱ ደነገጠች፣ ከዚያ ቡና አቀረበች፤ ሌላ ምን ታድርግ። ልጁ ጥግ ላይ ነበር፤ ስንገባ ተነስቶ ቆመ፣ ተቀመጥ እስኪባል አልተቀመጠም። አቦሉ ተጠጣ። ስለ ውሃው መጥፋት ተወራ። ቶናውም ተጠጣ። አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠችና ወደ ልጁ ዞረች።

«ብሬስ?» አለችው።

ማንም አልተናገረም። ፍሙ ላይ የነበረችው ጀበና ብቻ ትንሽ ተንተከተከች። ክሱም፣ ውሳኔውም፣ ምስክርነቱም ላይ «በግምት 24 ሺህ ብር» ነበር የተጻፈው። አክስቴም ስትናገር ያንን ነበር የምትለው፤ የዕቁቡ ልክ እሱ ስለነበረ።

«ሃያ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ነው፣ እትዬ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሃያ አራት አይደለም። ቆጥሬዋለሁ።»

አክስቴ አሰበች። ጣቷን ጉልበቷ ላይ እያንኳኳች አሰበች።

«እውነቱን ነው» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ሁለት መቶውን ለዕቁቡ ጸሐፊ ሰጥቼው ነበር። ረስቼዋለሁ።»

ከዚያ በረካውን ከእናቱ እጅ ተቀበለችና፣ «በወር ስንት ትችላለህ?» አለችው።